ይችላል ወይ?

ትናንት ጠዋት ጎበዝ ተባልኩ። ምን ሠርቼ? ሙዝ ውጬ። የልጄ ሚስት ነጅላ ሙዙን በሹካ ደፍጥጣ፣ በፕላስቲክ ማንኪያ አፌ ድረስ አምጥታ፣ «ሀም በል አባዬ!» አለችኝ። ዋጥኩ። «ጎበዝ! ጎበዝ የኔ አባት!» ብላ አገጬን በፎጣ ጠረገችው። ማንኪያው ላይ ሮዝ ጥንቸል ተስሏል። ሰባ ስምንት ዓመት ኖሬ፣ በጂማ ስንቱን ሙሽራ በሠራሁት አልጋ ድሬ፣ መጨረሻዬ በጥንቸል ማንኪያ መጉረስ ሆነ። አቅለሸለሸኝ። ያቅለሸለሸኝ ሙዙ አይደለም፣ ድምፅዋ ነው።

ስሜ ቲጃኒ ነው። አናጺ ነበርኩ፤ ጊንጆ ጉዱሩ ባለው ግቢዬ ዋንዛ ስጠርብ ነው ያረጀሁት። ባለፈው ክረምት ለሰላት ውዱእ እያደረግሁ ወደቅሁ። ስትሮክ ነው አሉ። ግራ እግሬ ሰነፈ፣ ምላሴ ከበደ። ጭንቅላቴ ግን እንዳለ ነው። ይህን የሚያምነኝ አላገኘሁም፤ ጭንቅላቴ ደህና መሆኑን የምናገርበት ምላስ ነውና የታመመው። አንዲት ቃል ለማውጣት የዛገ ምስማር እንደሚነቅል ሰው እታገላለሁ፤ ቃሏ ስትወጣ ሰዎቹ ሌላ ወሬ ጀምረዋል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፣ ይነቅዛል። እኔ ውስጥ ስንት ነገር ነቅዟል።

ከመውደቄ በፊት ልጄ ሪያድ «እርስዎ» ነበር የሚለኝ። ሆስፒታል «እርስዎ» ሆኜ ገብቼ «አንተ» ሆኜ ወጣሁ። ማን እንደወሰነው አላውቅም፣ ማንም አላማከረኝም። አሁን ፊቴ ቆመው «በላ? ተኛ? ሽንቱ መጣ?» ይባባላሉ። እኔ ደግሞ አንዱን ሌላውን እያየሁ ስለማን እንደሚያወሩ የማላውቅ ይመስል እቀመጣለሁ።

ሪያድ በስተርጅና የወለዳት ኢሕሳን የምትባል የሁለት ዓመት ልጅ አለችው። ሰሞኑን ፖፖ ላይ መቀመጥ እየተማረች ነው። እሷን ከዳይፐር ባላቀቁ ሰሞን እኔን ዳይፐር አስታጠቁኝ። የሁለታችን እሽግ እኔው በሠራሁት ቁም ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድሯል። በእሷ እሽግ ላይ የሚስቅ ሕፃን አለ፣ በእኔ ላይ የሚስቅ ሽማግሌ። ምን እንደሚያስቀው አላህ ይወቅ።

እኔ እኮ ሽንቴን እይዛለሁ! ሲመጣ አውቀዋለሁ፣ ቆይ ስለው ይቆያል። የሚያስፈልገኝ ሽንት ቤት ድረስ ክንዴን የሚይዝ ሰው ብቻ ነው። ከወንበሬ ለመነሳት እንኳ ማንንም አልፈልግም፤ መደገፊያው በክንዴ ልክ የተሠራ የዋንዛ ወንበር ነው፣ ሁለቱን እጆቼን ተደግፌ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ ቀጥ እላለሁ። ችግሩ ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ መሆኑ ነው። ደረጃ አለው፣ ሲዘንብ ያዳልጣል። አንዴ ብቻዬን ልሞክር ብዬ ወድቄ ግንባሬ ተፈነከተ፤ ከዚያ ወዲህ ሪያድ ፈራ። ፍርሃቱን አልነቅፍበትም። ነጅላም ሱቅና ቤት ስትል ነው ቀኑ የሚመሽባት፤ ድካሟን አያለሁ። ግን የእሱ ፍርሃትና የእሷ ድካም ተጋብተው የወለዱት ያንን ወፍራም፣ ስንቀሳቀስ የሚንኮሻኮሽ ጉድ ነው።

«እዚያው ላይ ልቀቀው አባ፣ ማን ያይሃል?» አለኝ ሪያድ።

እዚያው ላይ! የገዛ ሽንቴን ታቅፌ እንድውል! መጀመሪያ ይሞቃል። ከዚያ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ከብዶ ጭን ላይ ይለጠፋል፣ ሽታው በአንገትጌ በኩል ሽቅብ ይመጣል። ሞከርኩት፣ ለሰው ብዬ ሞከርኩት፤ ገላዬ የኔ አልመስል አለኝ። ሰላቱስ? በነጃሳ፣ በርኩሰት ተጠቅልዬ አላህ ፊት ምን ብዬ ልቁም? ቀድጄ ጣልኩት። መልሰው አሰሩልኝ። ደግሜ ቀደድኩት። ነጅላ እያለቀሰች መሬቱን ስትወለውል ሪያድ እኔን እንደ ባለጌ ልጅ በዓይኑ ገሠጸኝ።

በዚህ ቤት ቃሌ እስኪወጣ የሚጠብቀኝ ሰው አንድ ነው፣ የሪያድ ትልቋ ልጅ ሩፈይዳ። ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ትማራለች። ፈተና ሲደርስ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ። የሰው ልጅ ዕድገት እርከን እርከን አለው ትላለች። ዕድገት ከራስ ወደ እግር ይወርዳል፤ ሕፃን መጀመሪያ አንገቱን ያጸናል፣ ቀጥሎ ይቀመጣል፣ ቆይቶ ይቆማል። ኢሕሳን በዚሁ መንገድ ነው የመጣችው፣ አይቻለሁ። የእኔ እርከን የመጨረሻው ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ዞር ብሎ ዕድሜውን ያያል፤ ወይ ይረካል፣ ወይ ተስፋ ቆርጦ ይጸየፋል።

«እርስዎ የትኛው ነዎት አባባ?» አለችኝ።

ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠበቀች። ሞባይሏ ጮኸ፣ አላነሳችውም።

«ዕድሜዬን… አይደለም… የምጸየፈው» አልኳት። «ማንኪያውን።»

ሳቋ ግቢውን ሞላው። ሪያድ ከውጭ ሰምቶ ገባና፣ «አየሽ? ሰው ሲያረጅ ተመልሶ ሕፃን ነው፤ መጽሐፍሽም ያንኑ ነው የሚልሽ» አላት።

«ኧረ አይልም ባባ! ዕድገት ወደ ኋላ አይመለስም። እግር ሊደክም ይችላል፣ ሰውየው ግን የኖረውን ሁሉ ይዞ ነው የሚደክመው። ሕፃን ምን ይዟል?»

«አንቺ ፈተናሽን አጥኚ» ብሎ ወጣ።

የዳይፐሩ ጦርነት ሲበዛ ሪያድ መላ አመጣ። ሰርቦ ያለው ሼኽ ሀቢቡላህ ይምጣና ይፍረድ አለ። ሀቢቡላህ አብሮ አደጌ ነው፤ ቁርኣን አብረን ቀርተናል፣ የአንድ ኡስታዝ አርጩሜ ተካፍለናል። «እሳቸው ይልበስ ካሉ ትለብሳለህ፣ አይልበስ ካሉ እኔ ራሴ እየያዝኩ አመላልስሃለሁ። ተስማማን አባ?» አለኝ ሪያድ። አንገቴን ነቀነቅሁ። ደስ ብሎኝ ነው የነቀነቅሁት። ሀቢቡላህ ያውቀኛል፤ ዓይኔን አይቶ ይጠይቀኛል፣ እችላለሁ እለዋለሁ፣ ነገሩ ያበቃል። ይልበስ ካለ ግን ያ ነገር እስከ ከፈኔ ድረስ ከላዬ እንደማይወርድ አውቄ ነው ቃል የገባሁት።

ሀቢቡላህ ዛሬ ከዙህር በኋላ መጣ። ሩፈይዳ ፈተና ላይ ነበረች። ለእንግዳዬ ንጹሕ ሆኜ ልቅረብ ብዬ ዳይፐሩን እንዲያወልቁልኝ በእጄ አሳየኋቸው፤ ነጅላ ቅር እያላት አወለቀችልኝና የዒዱን ነጭ ጀለቢያ አለበሰችኝ። እስከዚህ መልካም ነበር። ከዚያ ሪያድ ከወንበሬ አነሳኝ።

«ሼኹ ታች ተቀምጠው አንተ ከላይ ብትሆን ነውር ነው» ብሎ መጅሊሱ ላይ አስቀመጠኝ።

ልክ ነው፣ በእኛ አገር ነውር ነው። ግን መጅሊሱ ስፖንጅ ነው፤ ወለሉ ላይ የተነጠፈ፣ ሰው ሲቀመጥበት የሚሰምጥ። መደገፊያ የለው፣ መያዣ የለው። ጉልበቴ ደረቴ ጋ ደርሶ ተቀመጥኩ።

«አከም ጅርታ ቲጃኒ!» እያለ ሀቢቡላህ ገባ። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፣ ግን በእግሩ ነው የመጣው፣ ያውም ዱላውን ለጌጥ ይዞ። ሁለቱን እጆቼን ያዘኝ። አልሐምዱሊላህ ልለው ጀመርኩ። «አል…» ስል ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደ ሪያድ ዞረና፣ «እንዴት ነው? እንቅልፍ ይተኛል?» አለው።

ሆዴ ያኔ ነው የፈራው።

ሻይ መጣ። ዱዓ ተደረገ። ከዚያ የሰርቦ ዝናብ፣ ከዚያ የዘንድሮ ቡና አበባ፣ ከዚያ ሰቃ ላይ የሞተ አንድ የጋራ ወዳጃችን ተወራ። የወዳጄን መሞት እኔ ዛሬ ነው የሰማሁት፤ ሪያድ ግን ያውቅ ነበር። ለምን እንዳልነገረኝ ሀቢቡላህ ሲጠይቀው፣ «ይረበሻል ብለን» አለ። ልጅ ፊት እንደማይወራ ነገር! ሻዬን ፊቱ ላይ ብደፋው በወደድኩ፤ ግን ብርጭቆውን ነጅላ ናት የያዘችልኝ።

በዚህ መሐል ሽንቴ መጣ። መጀመሪያ በጨዋ ደንብ ነው የመጣው። ቆይ አልኩት፣ ቆየ። ወሬው ሲረዝም ግን ጠና። ቀኝ እጄን ወደ በሩ ዘረጋሁ። ሪያድ ምን እንዳልኩ ገብቶታል፤ ምልክቱን ያውቀዋል።

«ትንሽ ቆይ አባ። ስላንተ እኮ ነው የምንነጋገረው፣ አሁን ያልቃል» ብሎ የዘረጋሁትን እጅ ወስዶ ጉልበቴ ላይ መለሰው።

እንደገና ዘረጋሁ።

«ኦብሲ፣ ኦብሲ ቲጃኒ፣ አላህ ከታጋሾች ጋር ነው» አለኝ ሀቢቡላህ፣ እኔን ሳያይ።

ልነሳ ሞከርኩ። ስፖንጁን ተጫንኩት፣ እጄ ሰመጠ። ቀኝ እግሬን ወደ ራሴ ሳብኩ፣ ግራው አልተከተለም። ነጅላ፣ «አይዞህ አባዬ፣ አይዞህ» እያለች ትራስ ጎኔ ላይ ወሸቀችልኝና ጭራሽ አጣበቀችኝ። ላብ በጀርባዬ ወረደ። እኔ ጥርሴን ነክሼ እንደያዝኩ እነሱ ተረጋግተው መያዝ እችል እንደሆነ መነጋገር ጀመሩ።

«እንግዲህ ስማ» አለ ሀቢቡላህ ለሪያድ። «ሽንቱን መያዝ የማይችል ሰው ዑዝር፣ በቂ ምክንያት፣ አለው፤ ሸሪዓው ያቀልለታል። ለየሰላቱ ያጥቡታል፣ ይቀይሩለታል፣ እንዳለ ይሰግዳል። የሚችለውን ሰው ግን ለእናንተ እንዲቀላችሁ ብላችሁ ነጃሳ ላይ ልታስቀምጡት አይፈቀድላችሁም፣ ወንጀል ነው። ነገሩ በዚህች ላይ ነው የቆመው። አላህን ፈርተህ ንገረኝ፣ ይችላል ወይ?»

ከእኔ በክንድ ርቀት ላይ ነው የተቀመጠው። እጁን ቢዘረጋ ጢሜን ይነካል። የጠየቀው ግን ሪያድን ነው።

ሪያድ ዞሮ አየኝ። ልጄ ነው፣ እውነቱን ያውቃል። ዛሬ ጠዋት ሽንት ቤት የወሰደኝ እሱ ነው፤ ቁልፉ ጠፍቶ እስኪገኝ ድረስ በሩ ላይ ተቃቅፈን ቆመናል፣ ጠብታ አላፈሰስኩም፤ «ማሻአላህ» ብሎኛል በገዛ አፉ። ሳንቲም ሰርቆ ቢዋሽ እንኳ ጆሮው የሚቀላበት ልጅ ነበር። አሁንም ጆሮው ቀላ። ከዚያ ነጅላን አየ፣ ከመስኮቱ ውጭ ግቢውንና ደረጃውን አየ፣ እንደገና ሼኹን አየ።

«አይችልም» አለ።

የዚያን ጊዜ ውሸቱ ያስጠላኝን ያህል ሽንትም ሽታም አስጠልቶኝ አያውቅም። ዳይፐሩ መቶ ጊዜ ይሻላል! በአላህ ስም ተጠይቆ፣ አባቱ እያየው፣ አፉን ሞልቶ ዋሸ። ያሳደግሁት ይህን ነው ወይ አልኩ። ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። መናገር ነበረብኝ። ሌላ ቀን የለኝም፣ ሌላ ዳኛ የለኝም። ያለኝን ጉልበት ሁሉ፣ ከእግሬም ከወገቤም ከሆዴም፣ ሰብስቤ ምላሴ ላይ አደረግሁት።

«እችላለሁ!»

ከወደቅሁ ወዲህ እንደዚያ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሳይሰበር፣ ሳይንተባተብ፣ ድሮ በመጋዝ ጩኸት መሐል ስጣራ በነበረው ድምፅ ወጣ። ሦስቱም ደንግጠው ወደ እኔ ዞሩ። በመጨረሻ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ሀቢቡላህና እኔ።

ጉልበቴን ሁሉ ምላሴ ወስዶት ነበር፤ ለታችኛው የተረፈ አልነበረም። ሙቀቱ በጭኔ ወረደ። ነጩ ጀለቢያ ላይ ቢጫ እየሆነ ሰፋ፣ መጅሊሱ ውስጥ ገባ፣ ጠርዙ ላይ ወጥቶ ወደ ምንጣፉ ተንጠባጠበ። ድምፁ ይሰማ ነበር።

ሀቢቡላህ የራሱን ጀለቢያ ጫፍ ሰብሰብ አድርጎ ፈቀቅ አለ። «ዑዝር አለው» አለ፤ አሁንም ለሪያድ።

የልጄን ፊት አየሁት። አዝኖ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ከሐዘኑ በፊት ሌላ ነገር ፊቱ ላይ አለፈ፤ ትንፋሹ ወጣለት። ውሸቱ እዚያው ዓይኑ እያየ እውነት ሆኖለት ነበር።

«ነጅላ» አለ፣ «እሽጉን አምጪው።»