ተገልብጦ የተቆረጠው ከፋይ

የከፋዩን ቀሚስ ጀርባ ገልብጦ የቆረጠው ልብስ ሰፊው ራሱ ነው። ከፋይ ጠጉር አለው፤ ጠጉሩ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካልተኛ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ጠቁሮ ይታያል። ይህን ያስተማረችው አብራው የምትሠራው ታላቅ እህቱ ናት። የዘወትር ደንበኛቸው፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ መስታወት ፊት ቆማ ጀርባዋን ስታይ ግን ሰውዬው የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አደረገ።

«እሷ ናት የቆረጠችው፤ ዓይኗ ደክሟል» አለ።

እህቱ መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ወጣች፤ በዚያው ቀረች።

ብቸኝነቱ ሲከብደው ስልኩ ላይ የልብስ ሰፊዎች ግሩፕ አገኘ። «እህቴ ጥላኝ ሄደች» ብሎ ጻፈ፤ ምክንያቱን ዘለለው። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ «አይዞህ ወንድም ዓለም» አሉት፣ በየጠዋቱ እንዴት አደርክ ይሉታል፣ የሰፋውን ኮሌታ ያደንቁለታል። እሱም ተበዳይነቱ ተስማማው መሰለኝ፣ ሦስት ወር ሙሉ ሲታዘንለት ከረመ።

አንድ ከሰዓት አንዲት ጀማሪ የቀሚስ ፎቶ ለጠፈች። ከፋይ ነው፤ ጀርባው ጠቁሯል። «ጠጉሩን ሳላይ ቆረጥኩት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላለች። ማንም አልሳቀባትም። አንዱ በካውያ ያቃጠለውን ሱሪ፣ ሌላዋ ሁለት ግራ እጅጌ የሰፋችለትን ኮት እያወሩ አጽናኗት። ልጅቷም «ጋሼ፣ እርስዎስ ደርሶብዎት ያውቃል?» ስትል ጠየቀችው።

«አያውቅም» ብሎ ጻፈ፤ አጠፋው። ከማሽኑ በቀር ማንም በሌለበት ክፍል ፊቱ በሐፍረት ጋለ። ለእህቱ ደወለ።

«እታለም፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

«ለእኔማ ምን ትነግረኛለህ? አውቀው የለ» አለች፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ያዋረድከኝ ዳይሬክተሯ ፊት ነው። ለእሷ ንገራት።»

ዳይሬክተሯ ቢሮ ሲደርስ ሦስት አስተማሪዎች ተቀምጠዋል። እስኪወጡ ልጠብቅ ብሎ አሰበ፤ እህቱን ግን ሰው እስኪወጣ ጠብቆ አልነበረም ያዋረዳት። እዚያው ቆሞ፣ እየሰሙት፣ ቀሚሱን ያበላሸው እሱ እንደሆነና በእህቱ እንደዋሸባት ተናገረ።

ዳይሬክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እህትዎን ባለፈው ወር መንገድ ላይ አግኝቻቸው ሥራ ለምን እንደተዉ ጠይቄያቸው ነበር» አለች። «'ዓይኔ ደክሞ ነው' አሉኝ።»

ሰውዬው መግቢያ ጠፋው።