ወደ ዲፎልቱ መልሺው

1.

«ወደ ዲፎልቱ መልሺው ብያለሁ። ስንት ጊዜ ልናገር?»

ይህን ያሉት አቶ ሽመክት ናቸው፤ የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉ አዲሱ ኃላፊ። የታዘዘችው ውድነሽ ናት፤ የዳታቤዙ ጠባቂ።

2.

አይሰልቻችሁና፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ደዋይ «ከእንትና ወፍጮ ቤት ጀርባ» ሲል ቦታውን በቅጽበት የሚያወጣው ማውጫ ኢንዴክስ ይባላል። ከውድነሽ በፊት የነበሩት ጋሽ አሰግድ የየገጹን ሲሶ ባዶ ትተውታል፤ አዲስ ሰፈር በተቆረቆረ ቁጥር ስሙ የሚገባበት። አቶ ሽመክት ደግሞ ባዶ ቦታ ሲያዩ ያማቸዋል። ዲፎልቱ፣ ማለትም ማሽኑ ከመነሻው ይዞት የመጣው ልክ፣ ገጹን ጥቅጥቅ አድርጎ ይሞላል።

3.




(ጋሽ አሰግድ ቢሆኑ ይህን ቁጥር እንዲህ ባዶ ይተዉት ነበር።)

4.

ትእዛዙን ጻፈች። ማሽኑ «ተፈጽሟል» አለ። ምን የተለወጠ ነገር አለ?

ምንም።

«አየሽ? በከንቱ ስታስፈራሪን» አሉ አቶ ሽመክት።

እሷን ያስፈራት ግን ይኸው ነው። አዲሱ ልክ የሚሠራው ኢንዴክሱ እንደገና ሲገነባ ነው፤ ግንባታው እስኪያልቅ ደግሞ ፍለጋ ይቆማል።

«ታዲያ ገንቢው።»

«ጥሪ በሚበዛበት ሰዓት፣ አቶ ሽመክት?»

«አሁን።»

5. የጥሪ ቅጂ፣ ጠዋት 4፡12

ደዋይ፦ ሚስቴ ምጥ ላይ ናት፤ ደሙ አልቆም አላት።

ተቀባይ፦ የት ነው ወንድሜ?

ደዋይ፦ ከሼህ ኑሩ ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ እባክሽ እህቴ...

(ተቋረጠ። መልሰው ቢደውሉ ስልኩ ዝግ ነው።)

6.

የተቀባይዋ ስክሪን ይሽከረከራል። ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ «ወዴት?» ይላል። የሼህ ኑሩን ወፍጮ ቤት የሚያውቅ አንድም ሰው አልተገኘም።

ውድነሽ ግንባታውን ማቋረጥ ትችላለች። ግን መሐል ላይ ተቋርጦ አሮጌውም ቢጠፋስ? የከተማው ሰፈር ሁሉ ድራሹ ቢጠፋስ? እጇ ኪቦርዱ ላይ ደርቆ ቀረ። ፈራች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራች።

7.

ሰዓታችሁን አውጡ። አሥራ ስምንት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

8.

በመጨረሻ ለጋሽ አሰግድ ደወለች።

«አቋርጪው ልጄ። አዲሱ ሳያልቅ አሮጌው አይነካም።»

አቋረጠችው። ወፍጮ ቤቱ ወዲያው ወጣ። የሰባት ደቂቃ መንገድ ኖሯል።

9.

እናትየዋ ተርፋለች። ሕፃኑ አልተረፈም። አባትየው «ለምን ዘገያችሁ?» ሊል መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል።

«የመንገድ መጨናነቅ ብለሽ ሙዪው» አሉ አቶ ሽመክት፣ ዐይኗን ሳያዩ። የመዘግየት ሪፖርት ቅጹን ትተውላት ወጡ።

ጥሪው የደረሰበት ሰዓት፦ 4፡12

አምቡላንሱ የተነሣበት ሰዓት፦ 4፡31

ቅጹን የሞላው ሰው፦ ውድነሽ ኃይለየሱስ

የዘገየበት ምክንያት፦