የብስክሌት ጠጋኙ አንገት

ብስክሌት ጠጋኙ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ብስክሌት ሲያክም ኖሯል። ሴት ልጁ የተራራ ብስክሌት አነዳድ ላስተምር ብላ የሱቁ በር ላይ ማስታወቂያ ስትለጥፍ ታዲያ ደሙ ፈላ።

«ቁልቁለት ለመውረድ ደግሞ ትምህርት ቤት ይገባል? ድንጋይ እንኳ ሳይማር ይወርዳል!»

ደንበኛው ሁሉ ስቆ ይሄዳል። ሳይማር ያወቀ የሚመስለው ሰው ሞልቷል፤ ሌላውም እንዳይማር ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚከለክል ግን እሱ ብቻ ነው። የመለማመጃውን ቁልቁለት የፈቀደላት የብስክሌት ክበብ እስከ ቅዳሜ ስድስት ተማሪ ካልሞላ ሥልጠናው ይቀራል ብሏታል። የተመዘገቡት አምስት ናቸው።

ዓርብ ጠዋት ልጅቷ ሄልሜት ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ያን ቁልቁለት ውረደው። ሳትወድቅ ታች ከደረስክ ማስታወቂያውን በእጄ እቀደዋለሁ። ከወደቅክ ስድስተኛው ተማሪ አንተ ነህ።»

«ተቀደደ በይው!»

ደንበኞቹ ግልብጥ ብለው ተከተሉ። አጀማመሩማ ያምር ነበር። ችግሩ፣ የጠገነውን ብስክሌት ሁሉ በሱቁ ግቢ የሚፈትነው አንገቱን ደፍቶ፣ ሰንሰለቱን እያየ ነው። ግቢው ለጥ ያለ ሲሚንቶ ስለሆነ ጉድ አልታየበትም። አሁን መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ከሥር «ቀጭ» የሚል ሰማ። ጎንበስ አለ። መንገዱ ታጠፈ፤ እሱ ቀጥ ብሎ እሾህ ውስጥ ገባ።

«ሰንሰለቱ ላልቷል» አለ እንደተዘረረ።

«የላላውስ አንገትህ ነው» አለች ልጁ፣ እሾሁን እየነቀለችለት።

ቅዳሜ ከአምስቱ ጋር ተሰለፈ። «የምትሄድበትን እይ እንጂ ሰንሰለቱን አትይ» ብትለው፣ ብትለው፣ አንገቱ በጄ አላለም። በመጨረሻ የጎማ ማሸጊያ ካርቶን ቆርጣ እንደ ሰፊ አንገትጌ አሰረችለት። ቁልቁል ሲያይ ካርቶን ብቻ ሆነ።

«ቁስሉን እንዳይልስ አንገትጌ ያሰሩለት ውሻ አስመሰልሽኝ እኮ!»

«ውሻማ ቶሎ ይለምዳል።»

ወረደ። መታጠፊያው ላይ ሰንሰለቱ «ቀጭ» አለ። ጆሮው ቆመ፣ አንገቱ ሊደፋ ቃጣ፣ ካርቶኑ ገታው። ምርጫ ሲያጣ መንገዱን አየ። ብስክሌቱም ዓይኑ ወዳየበት ታጠፈ። ታች ሲደርስ ኮርቻው ላይ እንደተቀመጠ ነበር።

ዳር ቆሞ ሲያይ የነበረ አንድ ደንበኛ ጮኸ፦ «ጋሼ፣ ድንጋይ እንኳ ሳይማር ይወርዳል ሲሉን አልነበር?»

«ታች ሲደርስ ምን እንደሚሆን አይተሃል? ይፈረከሳል! ሂድና ተመዝገብ!»

ከዚያ ሰንሰለቱን ሊያይ ጎንበስ አለ። ካርቶኑ አላሳየውም።