ባዶ መስመር የሌለው መዝገብ

የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ከደረጃው ሥር ነው። አንድ መስኮት፣ ሁለት የብረት መደርደሪያ፣ አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ደግሞ እትዬ መዝገብ። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ግን ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ በዚያ ስም የሚጠራት የለም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሆስፒታሉ ለሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ቁጥር የምትሰጠው እሷ ናት። እሷ ቁጥር ያልሰጠችው፣ ማንም ይፈርምበት ማን፣ ወረቀት ነው እንጂ ደብዳቤ አይባልም።

ይህች ሴት አንድ ግትር አመል አለባት፤ መስመር አትዘልም። ሌላ ቦታ መዝገብ ያዡ ለክፉ ቀን እያለ በየገጹ ሁለት ሦስት ባዶ መስመር ያስቀራል፣ አለቃው «የባለፈው ሳምንት ቀን አድርግልኝ» ሲል ደብዳቤው መግቢያ እንዲያገኝ። እሷ ዘንድ ወይ ፍንክች!

እና ዓርብ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወደ ደረጃው ሥር ወረደ። ወረደ ነው የምላችሁ! በተሾመ በስምንት ወሩ አንድ ቀን ረግጦት አያውቅም። በሩን ዘጋና አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

የጄኔሬተሩ መካኒክ ስንብት ነበር። «በተደጋጋሚ ከሥራ ገበታ በመቅረት» ይላል። ቀኑ ያለፈው ሰኞ።

ቀኑን ደግማ አየችው። ምክንያቱም ረቡዕ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ የሆነውን እሷም በዓይኗ አይታለች። መካኒኩ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ተነሳና እንዲህ አለ፦ «ቅዳሜ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ያልተነሳው ተበላሽቶ አይደለም። ናፍጣው ለድጋፍ ሰልፉ መኪኖች ተቀድቶ ነው። የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። ቀዶ ጥገና ላይ የነበረችው ሴት በስልክ መብራት ነው የተሰፋችው።» ሥራ አስኪያጁ፣ «አንተ ከወንዝ ማዶ የመጣህ አይደለህ? እናንተ መቼ መንግሥት ወዳችሁ ታውቃላችሁ!» አለው። እትዬ መዝገብ እንደ ሌላው ሁሉ አቀርቅራ ጫማዋን ታይ ነበር። ከረቡዕ ወዲህ ያን ጫማ ባደረገች ቁጥር በራሷ ታፍራለች።

አሁን ነገሩ ወለል ብሎ ታያት። የፊታችን ሰኞ የቅዳሜውን ጉዳይ የሚመረምር አጣሪ ቡድን ይመጣል። ሰውዬው ስብሰባው ሳይደረግ የተባረረ ከሆነ፣ የተናገረው ሁሉ የተባረረ ሰው ቂም ይባላል፤ ማንም አይሰማውም። ይህ እንዲሆን የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የባለፈው ሰኞ ቁጥር።

«የሰኞ ቁጥር ይስጡልኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሰኞ ሞልቷል።»

«ቀን ደግሞ እንዴት ይሞላል?»

መዝገቡን አዙራ አሳየችው። ሰኞ፣ ከሦስት መቶ ዘጠና ስምንት እስከ አራት መቶ አምስት። ከሥሩ ማክሰኞ። በመካከላቸው ፀጉር የምታስገባ ክፍተት የለም።

«እንግዲያው አዲስ መዝገብ ያውጡና ይገልብጡት፤ እስከ ማታ እታገሣለሁ።» ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ፤ ካርቶኑ ሲጢጥ አለበት። «ለመሆኑ እናት፣ ጡረታዎ ስንት ቀረው?»

«ሁለት ዓመት።»

«ታዲያስ?»

ፈራች። ለምን እዋሻችኋለሁ፣ በጣም ፈራች። ልጇ ጠዋት ሻይ እየጠጡ «እማዬ፣ አደራሽን፣ አፍሽን ያዢ» ብላታለች። ግን ያ ሰውዬ ኮፍያውን ጨብጦ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ብቻውን እንደ ቆመ ትዝ አላትና ብዕሯን አነሳች። ቁጥር አራት መቶ ሃያ ሰባት። ቀን፣ ዓርብ። ከዚያ «ምርመራ» በሚለው የመጨረሻ ዓምድ ላይ ጽፋ፣ መስኮቱን ከፈት አድርጋ አፏን ሞልታ አነበበችው።

«‹ደብዳቤው የቀረበው ዓርብ ነው፤ በሰኞ ቀን እንዲመዘገብ ሥራ አስኪያጁ በቃል አዘዋል።›»

በመስኮቱ በኩል የሕክምና ማስረጃ ለመውሰድ የተሰለፈው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«አንቺ!» አለ ሥራ አስኪያጁ። እርስዎ ማለቱ እዚያው ቀረ። «ለካ አንቺም ከእነሱ ጋር ነሽ!»

«ከነማን?»

«ከእነዚያ!»

«ኧረ እኔ እዚሁ ከደረጃው ሥር ነኝ። የትም ሄጄ አላውቅም።»

መዝገቡን ሊነጥቃት እጁን ሰደደ፤ የተሰለፉት ሲያፈጡበት መልሶ ሰበሰበው። በሩን ድርግም አድርጎ ወጣ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። «እትዬ፣ ይቅር በይኝ። ታዝዤ ነው» ብላ ወረቀት ዘረጋችላት። የእትዬ መዝገብ የራሷ ስንብት! ለካስ ለራሷ ስንብትም ቢሆን ቁጥር የምትሰጠው እሷው ናት። ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ በሦስት ቅጂ መጥቷል። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጸሐፊዋ የመካኒኩን ደብዳቤ መነሻ አድርጋ ስሙንና የሥራ መደቡን ብቻ ነበር የለወጠችው፤ እሱ ደግሞ በንዴት ጦፎ ሳያነብ ፈርሟል። ቀኑ ያለፈው ሰኞ ነው።

መዝገቡን ታቅፋ ደረጃውን ወጣች። ሥራ አስኪያጁ የክፍል ኃላፊዎቹን ሰብስቦ ነበር፤ ቅዳሜ በስልክ መብራት የሰፋው ቀዶ ሐኪምም ከመካከላቸው አለ።

«ሰኞ አባርረውኛል» አለች ቆማ። «ጥሩ። ታዲያ ከሰኞ ጀምሮ የወጣውን ሠላሳ ደብዳቤ የመዘገበው ማነው? የተባረረ ሰው የሰጠው ቁጥር ቁጥር ነው?» መዝገቡን ገለጠች። «አራት መቶ ሦስት፣ የመድኃኒት ማዘዣ። አራት መቶ ዘጠኝ፣ የአምቡላንሱ ፈቃድ። አራት መቶ አሥራ አንድ፣ ‹ሆስፒታሉ በእኔ አመራር ያለ እንከን እየሠራ ነው› የሚለው የእርስዎ ሪፖርት። ሁሉንም ላጥፋው ወይስ ሰኞ አልተባረርኩም?»

ቀዶ ሐኪሙ ሳል የያዘው ይመስል በእጁ አፉን ሸፈነ። ሥራ አስኪያጁ በበሩ ላይ ወደ ቆመችው ጸሐፊ ዞሮ አንባረቀ።

«ቀኑን አስተካክለሽ አምጪ!»

«የየትኛውን?» አለች ጸሐፊዋ በቀስታ። «የእሷን ብቻ ወይስ የመካኒኩንም?»

እትዬ መዝገብ አልለመነችም፤ መለመንም አላማራት። ሦስቱን ቅጂ ፊቱ ደርድራ «እርስዎ ራስዎ ያስተካክሉት» አለችው። እሱም ከዓይኗ ለመገላገል ሲል፣ በገዛ ብዕሩ ሦስቱም ላይ «ሰኞ»ን ሰርዞ «ዓርብ» ብሎ ጽፎ ፈረመበት። ምን እንዳደረገ የገባው፣ ቀን ወደ ኋላ እንደሚጽፍ በገዛ እጁ የመሰከረበትን ቅጂዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው ነው።

ቁጥር አራት መቶ ሃያ ስምንት ሰጠችው። ምርመራው ላይ «ቀኑ ከሰኞ ወደ ዓርብ በሥራ አስኪያጁ እጅ ተስተካክሏል» ብላ ጻፈች። ከዚያ መዝገቡን ለቀዶ ሐኪሙ፣ በሁሉም ፊት፣ ገጹን አስቆጥራ አስፈርማ አስረከበችና ወጣች።

መካኒኩ ከጄኔሬተሩ ቤት ደጃፍ መፍቻዎቹን ካርቶን ውስጥ እየከተተ ነበር። ቦርሳዋን አይቶ ደነገጠ።

«እትዬ! እርስዎንም አባረሩዎት?»

«አዎ፣ በዛሬ ቀን። አንተም በዛሬ ቀን ነህ።» አጠገቡ ባለው በርሜል ላይ ቁጭ አለችና እፎይ አለች። «ሰኞ አጣሪዎቹ ሲመጡ ከአንተ ቀጥሎ የምናገረው እኔ ነኝ። ረቡዕ ጫማዬን ሳይ ሳልናገረው የቀረ ብዙ ነገር አለኝ።»