እኔ ምን ልበለው

ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በድንኳኑ ግራ ተደርድረዋል። ወንዶቹ በቀኝ። ከአሸተን ማርያም ቁልቁል የሚወርደው ብርድ የቅሬውን፣ የመንደሩን ዕድር፣ ድንኳን እያርገበገበ ያልፋል። አንዷ ንፍሮ ታዞራለች፤ አንዷ ጉሮሮዋን ትጠራርግና መልሳ ዝም ትላለች። ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑን ይዟል፤ እስካሁን ግን አንድም ሙሾ አልወረደም።

«እንዲህ ያለ ዝም ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅ» አለች ከወደ ጥግ የተቀመጠች ሴት፣ በሹክሹክታ።

«ማን ያውርደው? አውራጇን ቀበርናት እኮ።»

«ደግሞስ ምን ተብሎ? የማን ልጅ፣ የማን እህት ተብሎ? ሙሾ ያለ ዘር አይወርድም።»

የመጨረሻዋ ተናጋሪ ቀና ስትል ከስሜነሽ ዓይን ጋር ተጋጠመች፤ ነጠላዋን ስባ አፏን ሸፈነች። ስሜነሽ ያልሰማች መሰለች። መስማትም ደክሟት ነበር። ስድሳ ዓመቷ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከመጣው ሁሉ ጋር ስትነሣ ስትቀመጥ ቆይታለች። ሰው ይገባል፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ይላታል፤ ቀጥሎ የሚለው ይጠፋዋል። እህትሽን እንዳይል፣ እህት ናት ያለ የለም። ሠራተኛሽን እንዳይል፣ ለሠራተኛ ድንኳን አይተከልም። «የቤታችሁን ሰው» ብሎ ይቀመጣል።

የሞተችው አለሜ ናት። ለአርባ ዓመት በዚህ አገር ሰው ሲሞት ሙሾ ስታወርድ የኖረች። ቄስ ቢሞት፣ አራስ ብትሞት፣ ጦር ሜዳ የቀረ ልጅ መርዶ ቢመጣ፣ «አለሜ ትጠራ» ይባላል። መጥታ ቆማ የሟቹን ወንዝና ተራራ፣ በሬና ጋሻ እየጠራች ስታወርደው፣ ለይሉኝታ የመጣው ሰው ሳይቀር ደረቱን ይመታል። ሲያበቃ ወንዶቹ መደብ ላይ፣ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ይበላሉ። ለአለሜ እንጀራዋ ከምድጃው አጠገብ፣ በተሰነጠቀው ገበታ ነበር የሚቀርብላት።

እናቷ ከአባይ ማዶ በልጅነቷ ተሸጣ ወደ ባላምባራስ ደሳለ ቤት የመጣች ሴት ናት። ቤቱ ውስጥ ትብለጥ ይሏት ነበር። አለሜን የወለደቻት እዚሁ፣ ከወፍጮው ጎን ነው። ባሪያ ነጻ ነው የሚለው አዋጅ ሲመጣ ትብለጥ ሞታ፣ አለሜ ገና ልጅ ነበረች። ወዴትም አልሄደችም። ባላምባራስ ሴት ልጅ ተወልዳላቸው ነበርና ያቺን ልጅ አዘለች። ያቺ ልጅ ስሜነሽ ናት። ስሜነሽ እግሯ መሬት የረገጠው ከአለሜ ጀርባ ወርዳ ነው።

ከሰዓት በኋላ ታላቅ ወንድሟ አረጋ ከወንዶቹ መካከል ተነሥቶ መጣና በአጠገቧ አጎነበሰ።

«ነገ ሠልስቱን እናድርግና ድንኳኑ ይነሣ» አለ። «ሰባት ቀን አንቀመጥም። ሰው የማይሆን ነገር ያወራል።»

«ምን ያወራል?»

«ታውቂዋለሽ።»

«እሺ» አለች ስሜነሽ። ከአረጋ ጋር የተከራከረችበትን ቀን አታስታውስም።

ሰው የሚያወራውንስ ታውቀዋለች። ያወቀችው በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ አባቷ የተቀበሩ ዕለት ነው። ስሜነሽ ደረቷን እየመታች «አባቴ፣ አባቴ» ትላለች፤ አረጋ የአባቱን ጠመንጃ አንግቦ ይፎክራል። አለሜ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ ቆማ ነበር። ሙሾውን እንድታወርድ ተጠራች። ወደ መሐል ገባች፣ አስከሬኑን ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

እናንተስ አልቅሱ አባታችን ብላችሁ፤
እኔ ምን ልበለው ንገሩኝ እባካችሁ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሽማግሌ «ጌታዬ በይዋ!» አለ፤ አንዳንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም እንደገና ጮኸ። ስሜነሽ ግን አልጮኸችም። አፈር የነካውን የአለሜን ፊት ስታይ ቆየች። ጥቁረቱ የእናቷ ነው። ሰፊው ግንባር፣ በመሐሉ እንደ ቦይ የሚወርደው መስመር ግን ከፊታቸው የተጋደሙት ሰውዬ ግንባር ነበር። ስሜነሽ ያን ቀን አወቀች። ካወቀች በኋላም ሠላሳ ሦስት ዓመት ዝም አለች።

ዝምታው አንድ ነገር ነው፤ ከዝምታው የባሰ ግን ሠርታለች።

በሰማንያ ስምንት ምሥጋናው የሚባል የባህል ባለሙያ ቴፕ አንግቦ መጣ። የአገሩን ሙሾ ሰብስቦ መጽሐፍ ሊያወጣ ነው። አለሜ ሁለት ቀን ሙሉ በረንዳው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ የምታውቀውን ሁሉ አለችለት። በመጨረሻ ወረቀቱን አውጥቶ «የገጣሚዋ ስም ማን ይባል?» ብሎ ጠየቀ። የመለሰው አረጋ ነው።

«ግጥሙ የእህቴ ነው» አለ ወደ ስሜነሽ እያመለከተ። «የባላምባራስ ልጅ በአደባባይ አትጮኽም። እሷ ታወጣዋለች፣ ይቺ ትለዋለች። የዚህ አገር ቅኔ በባሪያ ስም ሲጠራ አባቶቻችን ከመቃብር ይነሣሉ።»

ምሥጋናው ወደ ስሜነሽ ዞረ። «አይደለም» ለማለት አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ስሜነሽ ስሟን ከነአባቷ ተናገረች። አለሜ ተነሥታ የቀሚሷን አቧራ አራገፈችና ለእንግዳው የእጅ ውሃ ልታመጣ ገባች።

መጽሐፉ ወጣ። በዘጠና አንድ፣ የሴቶች ቀን በላሊበላ ሲከበር ስሜነሽ ተጠርታ መድረክ ወጣች። ከኋላዋ «የሴት ድምፅ ከጓዳ ወደ አደባባይ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። የምስክር ወረቀት ሰጧት፣ አጨበጨቡላት። አለሜ የስሜነሽን ጥላ ይዛ ከሕዝቡ ጋር ቆማ ነበር። ወደ ቤት ዳገቱን ሲወጡ አለሜ ከኋላዋ፣ «ወረቀቱ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀቻት።

«ለገጣሚ ወይዘሮ ስሜነሽ ደሳለ ይላል።»

አለሜ ጥላውን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። «ደግ ነው። ግጥሞቹስ ስም አገኙ» አለች።

ምሬት ይሁን ምን ይሁን ስሜነሽ መለየት አልቻለችም። ዞር ብላ ልትጠይቃት ይገባ ነበር። ዳገቱ አድክሟት ነበርና አልዞረችም። ከዚያ ወዲያ አለሜ ለቅሶ ላይ ስትቆም፣ አፏን ከመክፈቷ በፊት ወደ ስሜነሽ ዞር ትላለች፤ የሰው ንብረት እንደሚዋስ ሰው።

በሠልስቱ ጠዋት ሐምዲያ ከጋሸና ደረሰች። ቅዳሜ ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ጨውና በርበሬ የምትሸጥ፣ ጥርሶቿ ያለቁ አሮጊት ናት። ከሚኒባሱ ወርዳ ዳገቱን በእግሯ ነው የወጣችው። «ኢና ሊላሂ» እያለች ገባች፤ ማንንም ሳትጠይቅ ከስሜነሽ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት።

«አላህ ያጥናሽ እቴ። ገበያ ስትቀር ጊዜ ጠረጠርኩ።»

ከመጣው ሰው ሁሉ አለሜን ብላ፣ ለአለሜ ብቻ የመጣች እሷ ነበረች።

ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው ዳቦው ተቆርሶ ሳያበቃ ምሥጋናው መጣ። አሁን ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ለሥራ ላሊበላ ወርዶ ሳለ ገጣሚዋ ቤት ሐዘን አለ ሲሉት ነው የመጣው። አንገቱን ሰብሮ ቆየና ዝምታው ከበደው።

«ወይዘሮ ስሜነሽ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት» አለ። «እኔ ግን ገረመኝ። እርስዎ ባሉበት ለቅሶ እንዲህ ዝም ይላል? ድምፅዎ የነበሩት ሴት ቢያልፉ ግጥሙ እርስዎ ዘንድ አለ። አንዲት ስንኝ ይስጡና ሌላ ሰው ይበልልዎ። ለስንቱ አልቅሰው ለቤትዎ ሰው ይነፍጋሉ?»

ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ስንኙ ከማን አፍ ይወጣ እንደነበር ከመካከላቸው የማያውቅ የለም።

«ሐዘኑ ከብዷት ነው። ተዋት» አለ አረጋ ከወንዶቹ በኩል።

ስሜነሽ ለመናገር አላሰበችም ነበር። ሐምዲያ እጇን እንደያዘች ናት፤ የሸካራ እጇ ሙቀት ይሰማታል። ስንኝ ለመፈለግ ሞከረች፤ እውነቷን ነው፣ ሞከረች። ምንም አልመጣላትም።

«ልጄ፣ በመጽሐፍህ ስለ አባቴ ቀብር የጻፍካትን ግጥም ታስታውሳታለህ?» አለች።

«እንዴት እረሳታለሁ? ‹እኔ ምን ልበለው ንገሩኝ እባካችሁ›።»

«ከሥሯ ምን ብለህ ፈታሃት?»

ምሥጋናው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ልጅ የአባቷን ታላቅነት የሚመጥን ቃል ስታጣ የተናገረችው ነው ብዬ።»

«እኔ ቃል አላጣሁም። ‹አባቴ› እያልኩ ነው ያለቀስኩት። እዚህ ያሉት ሰምተውኛል። የምትለውን ያጣችው ሌላ ናት።»

«ስሜነሽ» አለ አረጋ። ድምፁን አላነሣም።

«ያለችውም እሷ፣ ያወጣችውም እሷ ናት። እኔ አንዲት ስንኝ አውጥቼ አላውቅም። ያን ቀንም ዋሽተንሃል።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ስትገነዝ ግንባሯን አየሁት ጋሼ። ያንተ ግንባር ነው። ስንት ዓመት እንደማናይ እንሆናለን?»

አረጋ ብትሩን ተደግፎ ተነሣ። የሚቆጣ መስሏት ነበር፤ እሱም ግን እንደሷ የደከመ ሽማግሌ ነው። «እንግዲህ ከሞተች በኋላ ምን ሊረባት?» አለና ወጣ።

ምሥጋናው ከቦርሳው መጽሐፉን አውጥቶ ገጹን ፈለገ። ብዕሩን ይዞ፣ «አለሜ… የአባታቸውን ስም ባላምባራስ ደሳለ ልበል?» ሲል ጠየቀ።

«አዎን» አለች ስሜነሽ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የተሸከመችው ነገር ከጫንቃዋ ሲነሣ ተሰማት። «አለሜ ደሳለ በል።»

«የለም» አለች ሐምዲያ።

ሁሉም ወደሷ ዞረ።

«ይቅር በይኝ እቴ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ነበር የምታርፍ። አንድ ቀን፣ ማን ልበልሽ፣ የማን ልጅ ነሽ ብያታለሁ። ‹አለሜ ገለቴ› አለችኝ። እናቷ እዚህ ሳትመጣ ገለቴ ነበረች አሉ፤ ትብለጥ ያላት የዚህ አገር ሰው ነው። አባትሽስ ብላት፣ ‹ምን ልበለው ብዬ አንድ ጊዜ ሰው ፊት ጠይቄ ነበር። የመለሰልኝ የለም። አሁን ትቼዋለሁ› አለችኝ። ወላሂ፣ ያለችኝ ይኸው ነው።»

ምሥጋናው ብዕሩን አንሥቶ ጠበቀ። ስሜነሽ ያን ያህል ዘመን ደብቃ፣ በስንት መከራ ያወጣችውን ነገር ይዛ ቀረች። የሚቀበላት የለም። ልትሰጣት የፈለገችውን አለሜ ከረጅም ጊዜ በፊት ትታዋለች።

«ያለችውን ጻፍ» አለች በመጨረሻ።

«አለሜ ገለቴ» ብሎ ከኅዳጉ ጻፈ። ከዚያ መጽሐፉ በየትምህርት ቤቱ መሰራጨቱን፣ ሁለተኛ እትም ከተገኘ እንደሚታረም፣ ካልተገኘም ለሚመለከታቸው ደብዳቤ እንደሚጽፍ ተናገረ። ደግ ሰው ነው። ከልቡ እንደሆነ ያስታውቃል። ሆኖም ሲናገር ድምፁ እየቀነሰ ሄደ፤ ንፍሮውን ሳይቀምስ ተሰናበተ።

ከሰዓት በኋላ የቅሬው ጎረምሶች ካስማውን ነቅለው ድንኳኑን ጠቀለሉ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ስሜነሽን እየሳሙ ሄዱ። «ሙሾ ያለ ዘር አይወርድም» ያለችው ሴት ከሌሎቹ ረዘም አድርጋ አቀፈቻት።

ሚኒባሱ ነገ ጠዋት ነውና ሐምዲያ አድራ ትሄዳለች። ሁለቱ ድንኳኑ በነበረበት፣ ሣሩ በተረገጠበት ቦታ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ስሜነሽ ገባ ብላ ምላጭና አንድ ጣሳ ውሃ ይዛ ወጣች። ጥቁር ሻሿን ፈታች። ሹሩባዋን በጣቷ እየፈለቀቀች በተነችው፤ ከሥሩ ነጭ ሆኗል።

ሐምዲያ ምላጩን አየች። በላስታ ሴት ራሷን የምትላጨው ለእናቷ፣ ለእህቷ፣ ለልጇ እንጂ ለቤቷ ሰው አይደለም።

«ሰው ሲጠይቅሽ ምን ትያለሽ?» አለቻት።

«የሚጠይቅ አይኖርም። ሲያዩኝ ያውቁታል።»

«ወንድምሽስ?»

«እሱም ያያል።»

ሐምዲያ ውሃውን በእፍኟ ቀድታ ፀጉሩን አራሰችው። ስሜነሽ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና ራሷን ወደ አሮጊቷ ጭን ዝቅ አደረገች። ምላጩ ከማጅራቷ ሲጀምር ብርዱ ወዲያው ገባ። የመጀመሪያው የፀጉር ዘለላ ሲወርድ በሁለት እጇ ተቀበለችው።