ስለ ሹሏ መኪና ምን አሉ?

፩

— ይሄ ደግሞ ምንድነው?

— ፒካፕ ነው አሉ።

— ፊቱ የታለ?

— እኔ እንጃ። በየት በኩል እንደሚሄድ ነጂውም የሚያውቅ አይመስለኝም።

— ሳምቡሳ!

(ሳቅ።)

፪

እነዚህ ሰዎች መኪናዋ ውስጥ ሰው ይኖራል ብለው አልጠረጠሩም። መስታወቷ ጥቁር ነው። በኤሌክትሪክ ስለምትሠራ ተነስታም ቢሆን ድምፅ የላትም። የኋላ ወንበሯ ላይ ግን አንዲት ሴት ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰብስባ፣ መስኮቱን ጣት በማያስገባ ልክ ከፍታ፣ ትንፋሿን ውጣ ተቀምጣለች።

ምንትዋብ ደምሰው ትባላለች። መኪናዋን የነደፈቻት እሷ ናት።

መደበቅ አመሏ አይደለም። እዚህ ያደረሳት ወረቀት ነው።

፫

መጠይቅ

የመኪናዋ ቅርጽ እንዴት ነው? — *በጣም ጥሩ*

ከፊት ለፊት ሲያዩዋትስ? — *በጣም ጥሩ*

ለገበያ ብትቀርብ ይገዛሉ? — *እግዚአብሔር ካለ*

መስተካከል ያለበት ነገር ካለ ይጥቀሱ። — *በርቺ*

ሌላ አስተያየት? — *አባትሽን ሰላም በይልኝ*

ይህ የአንዱ ሰው መልስ ነው። የሌሎቹም ይኸው ነው። እጅ ጽሑፉ ይለያያል፣ አንዳንዱ «በርቺ»ን ሁለት ጊዜ ይጽፋል፣ አንዱ የስልክ ቁጥሩን ጨምሯል፤ ከዚያ ውጪ ልዩነት የለውም።

ጣሊያን አገር፣ ቱሪን ከተማ የመኪና ንድፍ ስትማር አንድ መምህር ነበራት። ሥዕሏን በተማሪው ሁሉ ፊት ያነሣና «ይህ የሞተ ነው» ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። ታለቅሳለች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ታስተካክለዋለች። አዳማ ከተመለሰች ወዲህ «የሞተ ነው» የሚላት አጣች። ሁሉም ያወድሳታል። ሁሉም ከነአባቷ ያውቃታል። ይሉኝታ የሚባል ነገር መኖሩን ከነጭራሹ ረስታው ነበርና መጀመሪያ ላይ ምስጋናውን አምና፣ እንቅልፍ እስኪነሳት ተደሰተች።

አሁንም እንቅልፍ የላትም። በሌላ ምክንያት።

፬

ነገሩ እንዲህ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ የመኪና መገጣጠሚያ ሹሏን መኪና በብዛት ሊሠራት ፈቅዷል። አንድ ቅር ያለው ነገር ግን አለ፤ ፊቷ ይቆረጥ ይላል። ከአፍንጫዋ እስከ ጣራዋ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ዳገት ተነስቶ፣ እንደማንኛውም ፒካፕ ኮፈንና ክብ መብራት ይደረግላት።

«ሕዝቡ አይወደውም» አሏት። «ይወደዋል ካልሽ ሰኞ ማስረጃ ይዘሽ ነይ።»

ማስረጃ አላት። «በጣም ጥሩ» የሚል ወረቀት በክምር አላት። እሱን ጠረጴዛቸው ላይ ብታስቀምጥ መኪናዋ ከነፊቷ ትወጣለች። ባታስቀምጥ ወይ ፊቷ ይቆረጣል፣ ወይ ደግሞ አባቷ ግቢ በር ላይ የመጀመሪያም የመጨረሻም ሆና ትቀራለች።

ችግሩ ወረቀቱን አለማመኗ ነው። ስለዚህ ከመኪናዋ የብረት ሥራ ባልደረባዋ ከፉአድ ጋር እንዲህ ተባባሉ፤

ምንትዋብ፦ አንተ ምን ትላለህ?

ፉአድ፦ እኔ በያጅ ነኝ። ቁረጥ ካልሽኝ እቆርጣለሁ።

ምንትዋብ፦ አስተያየትህን ነው የጠየቅኩህ።

ፉአድ፦ ይቺን ነገር ስበይድ ከርሜ፣ አስቀያሚ ናት ብልሽ የሚሰደበው ማን ነው?

ምንትዋብ፦ አስቀያሚ ናት እያልከኝ ነው?

ፉአድ፦ ምሳ በላሽ?

አባቷንም ጠየቀች። ጋሽ ደምሰው መኪናዋን ከፊት አየ፣ ከኋላ አየ፣ «ቆንጆ ናት» ብሎ ወደ ቤት ገባ። ሰውየው በሕይወቱ ብዙ ቃል አባክኖ አያውቅም። ያቺን «ቆንጆ ናት» ይዛ ሰነበተች። በእጇ ታገላብጣታለች፤ እውነት ናት? ሐሰት ናት? ለቅርጹ ናት? ለልጁ ናት?

፭

የሕዝብ አስተያየት እንዴት ይሰማል? ለአንባቢ የተሰጠ መመሪያ።

ቅዳሜ ከሰዓት ይምረጡ። መኪናዋን አትክልት ተራው ጥግ፣ ሰው ባጃጅ የሚጠብቅበት ቦታ ያቁሟት። ወርደው እንደሄዱ ሆነው በዚያኛው በር ተመልሰው ይግቡ።

አዳማ ነውና ሙቀቱን አይችሉትም፤ ማቀዝቀዣውን ይክፈቱ። አይሰማም።

አያስነጥሱ።

ሲሰድቡዎት እጅዎ ወደ በሩ መክፈቻ ይሄዳል። ይመልሱት። ደግሞም ይሄዳል።

ይመልሱት።

፮

እዚህ አገር መኪና በፋብሪካ ስሙ አይጠራም። ሰው ራሱ ስም ያወጣለታል። ፊት ለፊት በሚተያዩ አግዳሚ ወንበሮች ሰው የሚጭነውን አሮጌ ፒካፕ ታክሲ «ውይይት» ያለው የትኛውም መሥሪያ ቤት አይደለም። ተሳፋሪው ነው። «ቅጥቅጥ»ም፣ «ዶልፊን»ም እንዲሁ።

ምንትዋብ ከጥቁሩ መስታወት ጀርባ ሆና የሰማቻቸው፦

ሳምቡሳ።

የተገለበጠ ገንዳ።

ግማሽ ድንኳን።

ፍሪጅ። («ተኝቶ ነው እንጂ ፍሪጅ ነው!»)

መላጣው።

እንደገና ሳምቡሳ፤ በሌላ ሰው አፍ፣ የመጀመሪያውን ሳይሰማ።

የመጨረሻው ላይ ደነገጠች። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ስም ካወጡ፣ ስሙ ወጥቷል ማለት ነው።

፯

እዚህ ቁጥር ላይ መኪናዋን ያደነቀ ሰው እንዲገባ ቦታ ተይዞ ነበር።

ተጠበቀ።

፰

የአንዲት ሴት ድምፅ፣ ጎርነን ያለ፦

— እኔ መልኳን ምን አደርገዋለሁ? ሽንኩርቴን ጭኜ እኔስ የት ልቁም? የሚያዝ እንኳ የላት!

— እትዬ፣ ከሹፌሩ ጎን ይቀመጡ እንጂ።

— ሹፌሩ ጎን ሚስቱ ትቀመጣለች። እኔ ከሽንኩርቴ አልለይም።

ምንትዋብ ይቺን ሰምታ ዓይኗን ጨፈነች። ቱሪን ሳለች ጭነቱን አስባለች፣ ክብደቱን አስባለች፣ ነፋሱ በዳገቷ ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት በኮምፒዩተር አይታለች። ከጭነቱ ጋር ቆሞ የሚሄድ ሰው ግን በሐሳቧ አልነበረም። ልጅ ሆና ራሷ ስንት ጊዜ በፒካፕ ኋላ፣ ፀጉሯን ነፋስ እየበተነው፣ ብረቱን ጨብጣ ሄዳለች! ታዲያ ያቺ ልጅ የት ሄዳ ነው መኪናዋ ሲነደፍ ያልነበረችው?

የሚያዝ ብረት ይጨመራል። ይህ ቀላል ነው። ፉአድ ከምሳ በፊት ይበይደዋል።

ግን ቀላሉ ነገር አላረጋጋትም። እንዲያውም ሌላ ጥርጣሬ ቀሰቀሰባት፤ ዳገቱንስ የምትወደው ለምንድነው? ስለሚያምር ነው? ወይስ መምህሩ አንድ ቀን አይቶት ዝም ስላለ?

— አያችሁ፣ ከሥሯ ውሃ ታንጠባጥባለች!

— ፈርታ ነው! ስትሰድቧት ሸናች!

(ረጅም ሳቅ።)

፱

ጋሽ ደምሰው የእግር ኳስ ዳኛ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም ሰፈሩ የሚጠራው «ዳኛው» እያለ ነው።

ምንትዋብ ልጅ ሳለች እሑድ እሑድ ስታዲየም ይወስዳታል። ከተመልካቹ መካከል ያስቀምጣትና፣ ለውዝ ገዝቶላት፣ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ከዚያ ሕዝቡ ይጀምራል። ዳኛው ሌባ! መነጽር ግዙለት! የስንት ዓመት ዕውር ነው? ከፊቷም ከኋላዋም ሰው እየተነሣ ይሰድባል። አንዳንዱ ተሳድቦ ሲያበቃ ዞር ብሎ «ሚሚዬ፣ ለውዝ ስጪን እስቲ» ይላታል። ትሰጠዋለች።

ማታ አባቷ እግሩን ታጥቦ ሲያበቃ ይጠይቃታል።

«እህ፣ ምን አሉ?»

«ጥሩ አጫወተ አሉ።»

ራሱን ይነቀንቃል። እራት ይቀርባል።

በሚቀጥለውም እሑድ፣ «ምን አሉ?»

«ጥሩ አጫወተ አሉ።»

ቱሪን ውስጥ ባቡር ስትጠብቅ ነው በድንገት የገባት። ሜዳው መሐል የቆመው እሱ ነው። ስድቡ ሁሉ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ከእሷ ይልቅ እሱ አጥርቶ ይሰማል።

ታዲያ ምን ፈልጎ ነው ይጠይቃት የነበረው?

ባቡሩ መጣ። አልተሳፈረችም።

፲

— ዝም በሉ፣ ዝም በሉ፣ ዳኛው እየመጡ ነው!

— ደህና ዋላችሁ?

— እግዚአብሔር ይመስገን! እንዴት ነዎት ጋሽ ደምሰው? የልጅዎን መኪና እያደነቅን ነበር።

— ምን የመሰለች መኪና!

— ሥልጣኔ ነው እንግዲህ! ይባርካት!

(ይህን ያለው «ፍሪጅ» ያለው ድምፅ ነው። ምንትዋብ ለየችው።)

— ሳምቡሳ ስትሉ ከማዶ ሰምቻለሁ።

ከዚያ አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ሁሉም ተከተለው።

— እንግዲህ ከሰሙማ ይፍረዱን! እርስዎስ ምን ይላሉ?

— ዳኛ የልጁን ጨዋታ አያጫውትም።

— እንደ ተመልካች ይበሉና!

— አዎ፣ እንደ ተመልካች! ዳኛው! ዳኛው!

በመስታወቱ ውስጥ አየችው። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ መኪናዋን መዞር ጀመረ። ክርኑን ጎኗ ላይ ሊያስደግፍ ሞከረና አዳለጠው፤ ብረቷ ዳገት ናት፣ ክርን አትይዝም። አሁንም ሳቁ። በእሷ በር በኩል ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ አለ። መሬት መሬቱን ጥቂት አየ። ቀና አለ። ጥቁሩን መስታወት አየ።

ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረ።

— እንደ ተመልካችማ ከሆነ...

፲፩

«አስቀያሚ ናት።»

፲፪

ማንም አልሳቀም።

ለምን እንዳልሳቁ ይህ ታሪክ አያውቅም። ምናልባት አባት ስለሆነ ነው። ምናልባት ስድብ የሚያምረው ባለቤቱ ሳይሰማ ስለሆነ ነው። አንዱ «ኧረ ያን ያህልም አይደለችም» አለ። ሌላው «እንዲያውም ስትለመድ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ሴትዮዋ ብቻ «የሚያዝ ይደረግላት እንጂ እኔ እሳፈራታለሁ» አለች። ወዲያው ባጃጅ መጣ፤ ሽንኩርቷን አስጭና ሄደች። ወንዶቹም ጨዋታ ሊጀመር ነው ተባብለው ኳስ ወደሚያሳየው ቤት አንድ ሁለት እያሉ ተበተኑ።

ምንትዋብ ፊቷ ይግላል። እጇ የበሩ መክፈቻ ላይ ነው፤ መቼ እንደሄደ አላወቀችም።

ቆንጆ ናት ብሏት ነበር። ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ ዓይኗን እያየ፣ ቆንጆ ናት። አሁን ደግሞ ለባጃጅ ጠባቂ ሁሉ፣ ለፍሪጁ፣ ለገንዳው፣

ሐሳቧ እዚህ ላይ ተደናቀፈ።

መሬቱን ለምን አየ?

፲፫

ጠፈጠፉ።

በዚህ ሙቀት፣ ከቆመች መኪና ሥር ውሃ የሚንጠባጠበው ማቀዝቀዣው ሲሠራ ነው። ማቀዝቀዣው የሚሠራው ሰው ሲኖር ነው። ሌሎቹ አይተው ሳቁበት። እሱ አየና ቀና አለ፤ መስታወቱን አየ፤ ከዚያ በኋላ ነው አፉን የከፈተው።

በኋላ ነው። በፊት አይደለም።

(አንባቢ ካላመነ ወደ ፲ ተመልሶ ቅደም ተከተሉን ማየት ይችላል። ምንትዋብም እየደጋገመች ያደረገችው ይህንኑ ነው።)

ማንም እውነት የማይነግራት ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ነገራት። እሷ መኖሯን እያወቀ፣ እንደማያውቅ ሆኖ፣ በሕዝቡ አፍ። ለካ እሱም በሌላ መንገድ መናገር አልቻለበትም።

አሁን መንገዱ ጭር ብሏል። ጋሽ ደምሰው አልሄደም። ሁለት መዳፉን ዳገቷ ላይ አሳርፎ ቆሟል፤ ክርን ባትይዝም መዳፍ ትይዛለች። ብረቱ በፀሐይ ግሏል፤ እጁን ግን አላነሣም።

የወረቀቱ ክምር ከፊት ወንበር ላይ ነው። በጣም ጥሩ። በጣም ጥሩ። በርቺ። ሰኞ አንድ ሰው ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ አንድ ጥያቄ ይጠይቃታል። ጥያቄውን ታውቀዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመልሰው ኖራለች።

ጋሽ ደምሰው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ መስኮቱ ክፍተት አስጠጋ። ወደ ውስጥ አላየም። ወደ ስታዲየሙ መንገድ እያየ፣ እግሩን ታጥቦ እንዳበቃ ሰው ረጋ ብሎ፣

«እህ፣ ምንቴ» አለ። «ምን አሉ?»

መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው።

፲፬

«                                        »