ለዘመድ የወጣ ዕጣ

ሃጂራ ሞያሌ ውስጥ፣ ሄሉ በሚባለው ሰፈር ስልክ ትጠግናለች። ሥራው ፋታ ሲሰጣት ደግሞ ኢንተርኔት ላይ የጌም ኮድ ለሚለዋወጡ ሰዎች ማኅበር ዕጣ ታወጣለች። አንድ ኮድ አንድ ጌም ይከፍታል፤ አንዴ ከሠራ ለሌላ ሰው አያገለግልም። ማኅበሩ የቆመው እንግዲህ በመተማመን ነው። አባላቱ የተረፋቸውን ኮድ ይልኩላታል፣ እሷ በዕጣ ታድላለች። በአራት ዓመት ውስጥ አዳላች ያላት ሰው የለም። የማን ወገን ነሽ እየተባለች ላደገች የስደተኛ ልጅ፣ በቃሏ የሚያምናት መገኘቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ዲዳ የሚባለው የአክስቷ ልጅ የሎሪ ረዳት ነበር። ሎሪው ከተገለበጠ ወዲህ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም፤ ቡቲዬ በምትባለው መንደር እናቱ ቤት ተኝቶ በአሮጌ ላፕቶፕ ጌም ይጫወታል። ሎሪ የሚነዳበት ጌም ለዕጣ የመጣ ጊዜ ስሙን እንድታስገባለት ለመናት። ዘመድ አይገባም ብላ ከለከለችው። ቅር አለው።

ማክሰኞ ዕጣው «ነጭ ግመል» ለሚባል አባል ወጣ፤ ኮዱን ላከችለት። በማግስቱ ሰዎች የነጭ ግመልን የቆየ ጽሑፍ አገላብጠው እሱም የሞያሌ ሰው መሆኑን ደረሱበት። ሃጂራ ወዲያው ገባት። ሱቋን ዘግታ በሞተር ቡቲዬ ወረደች።

«አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ» አለ ዲዳ ዓይኗን ሳያይ። «ግን ወጣልኝ እንጂ አልሰረቅኩም፣ ሃጂራ። እዚህ አልጋ ላይ ከወደቅኩ ወዲህ የወጣልኝ ይሄ ብቻ ነው።»

ልትቆጣው ነበር የመጣችው፤ አልተቆጣችም። መልስ እንዳትለው ኮዱን ተጠቅሞበታል። እዚያው አጠገቡ ተቀምጣ ለማኅበሩ እውነቱን ጻፈች፦ ዘመዷ መሆኑን፣ ስሙን ቀይሮ መግባቱን እንዳላወቀች፣ ዕጣው ንጹሕ እንደነበር። ማን ይመናት? አንዱ የአራት ዓመቱ ዕጣ ሁሉ ይመርመር አለ፤ ሌላው ሌባ ብሎ ጻፈ። ከሰዓት በኋላ ስሟ ተሰርዞ ገጹ አልከፈት አላት።

ዲዳ ይህን ሲሰማ ላፕቶፑን ወደ እሷ ገፋው። ጌሙ ወርዷል፤ ሲከፈት ግን ምስሉ ደርቆ ይቀራል። ማሽኑ አይችለውም። ሃጂራ ጠጋኝ ናትና ገና ስታየው አወቀች፤ ቢሆንም አንድ ሰዓት ያህል ነካካችው።

«ተይው በቃ» አላት።

ከዚያ ወዲህ ዕጣ አውጥታ አታውቅም። ቡቲዬ ስትሄድም ሁለቱ ስለ ጌም አያነሱም፤ ስለ ዝናቡ መቅረት፣ ስለ እናቱ ፍየሎች ያወራሉ።